ትሮይና ጋብሪኤላ ከምረቃ በኋላ

ጥያቄው

የ«ሃይስኩል ሙዚካል» ፍቅረኛሞች ትሮይ ቦልተንና ጋብሪኤላ ሞንቴዝ አድገውም አብረው ይዘልቃሉ? ፊልሞቹን ያየ ተማሪ ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። የመጀመሪያው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሁለተኛው በ2007 በዲዝኒ ቻናል ቀረቡ፤ ሦስተኛው በ2008 ሲኒማ ቤት ገባ። ታሪኩ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ባለው ኢስት ሃይ ትምህርት ቤት የምረቃ ቀን ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መገመት የምንችለው ልጆቹ ችግር ሲገጥማቸው ያደረጉትን አይተን ነው።

ተዋንያኑ ዛክ ኤፍሮንና ቫኔሳ ሃጀንስ በእውንም ፍቅረኛሞች ነበሩ፤ በ2010 ተለያይተዋል። በድርሰቱ ይህን ማስረጃ ብሎ የሚያቀርብ ተማሪ አይጠፋም። የተዋናይ የግል ሕይወት ስለ ገጸ ባሕርይው የሚያስረዳው ነገር ስለሌለ ነጥብ አልሰጥበትም።

ርቀቱ

በሦስተኛው ፊልም ጋብሪኤላ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ትሮይ በትምህርት ቤቱ ትርኢት ማብቂያ መድረክ ላይ ቆሞ በርክሌይን መምረጡን ይናገራል፤ ከእሷ የሚርቀውንም 32.7 ማይል ብሎ ሳይቀር ይቆጥረዋል። 53 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። አልበከርኪና ስታንፎርድን ከሚለያየው ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ጋር ሲተያይ ጎረቤት ሆኑ ማለት ይቻላል።

ካርታ ላይ ቅርብ ይምሰል እንጂ በመካከላቸው የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አለ። መኪና የሌለው ሰው ከበርክሌይ በባርት ባቡር ሚልብሬ ይሄዳል፤ እዚያ ወርዶ በካልትሬን ባቡር ፓሎ አልቶ ይገባል። የትምህርት ዘመናቸውም አይገጥምም። በርክሌይ በሴሚስተር ስለሚሠራ ኦገስት መጨረሻ ተከፍቶ ሜይ አጋማሽ ላይ ይዘጋል፤ ስታንፎርድ በኳርተር ስለሚሠራ ሴፕቴምበር መጨረሻ ተጀምሮ ጁን ላይ ያበቃል። እሱ ዕረፍት ሲወጣ እሷ ገና ፈተና ላይ ናት። ትሮይ የሚጫወትበት የቅርጫት ኳስ ውድድር ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች ይዘልቃል። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደንብ ልምምድን በሳምንት በ20 ሰዓት ቢገድበውም ለጨዋታ የሚደረገው ጉዞ ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ትሮይ የመረጠውን ቲያትርም ጨምሩበት። (በርክሌይና ስታንፎርድ የቆዩ የስፖርት ባላንጣዎች ናቸው፤ ሲጋጠሙ ጋብሪኤላ ከየትኛው ወገን እንደምትቀመጥ ባየሁ!)

እንዲህም ሆኖ፣ ርቀት ያፈርሳቸዋል የሚለው መልስ አያሳምነኝም። ትሮይ ለመንገድ የሚሰንፍ ልጅ አይደለም።

ዝምታው

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ጋብሪኤላ ስታንፎርድ ቀድማ እንድትገባ ዕድል ማግኘቷን ለትሮይ አትነግረውም። እሱ የሚሰማው አብራቸው ከምትማረው ከሻርፔ አፍ ነው፤ ሁለቱ ቢለያዩ ቅር ከማይላት ልጅ! ከሄደች በኋላም መሰናበቱ ስለከበዳት ለፕሮም እንደማትመለስ በስልክ ታስታውቀዋለች። ትሮይስ? አሮጌ ፒካፑን አስነስቶ ካሊፎርኒያ ድረስ ይነዳል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ አብሯት ደንሶ ይዟት ይመለሳል። ተመልካቹ እንባውን ይጠርጋል። ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር ነበራቸው፤ ዳንሱ ሸፈነው።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። በመጀመሪያው ፊልም የቡድን ጓደኞቹ ያታልሉትና ጋብሪኤላ ምኑም እንዳልሆነች ሲናገር በካሜራ ያስይዙታል። እሷ ስታይ ልቧ ይሰበራል፣ ትርቀዋለች፤ እሱም በረንዳዋ ላይ ወጥቶ በዘፈን ይታረቃታል። በሁለተኛው፣ ሁለቱ በሚሠሩበት ላቫ ስፕሪንግስ ክለብ ውስጥ የተሰጠው ሹመትና የስኮላርሺፕ ተስፋው ራሱን ሲያዞሩት ጓደኞቹን ይረሳል። ያን ጊዜ እሷ ሥራዋን ለቅቃ፣ «ቲ» የሚል ፊደል ያለበትን የአንገት ሐብል መልሳለት ትሄዳለች። ትዕይንቱን አቁማችሁ ደግማችሁ እዩት፤ ቅሬታዋን አምርራ የምትነግረው ለመሄድ ከቆረጠች በኋላ ነው።

አንዷ ትሸሻለች፣ ሌላው ይከተላል፣ ሙዚቃ ያስታርቃል። በ18 ዓመት ያምራል። የቤት ኪራይ፣ የታመመ ወላጅና የሥራ ዝውውር ሲመጣ ግን በረንዳ ላይ መዝፈን አያዋጣም።

ለእነሱ የሚመሰክረው

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወጣት ከሌላ ሰው ጋር በእውነት መቀራረብ የሚችለው መጀመሪያ ማንነቱን ሲያውቅ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የሦስተኛው ፊልም ዋና ጉዳይም የትሮይ ማንነት ነው። አባቱ አሠልጣኝ ቦልተን ልጃቸው አልበከርኪ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ይሻሉ፤ ጓደኛው ቻድም እንደዚያው። በርክሌይ ኳሱንም ቲያትሩንም ስለሚሰጠው ማንም ያላሰበለትን መንገድ ይይዛል፤ ማንነቱን ማወቁ ነውና ለሁለቱ ይመሰክራል። ስለዚህ «ልጅቷን ተከትሎ ሄደ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጋብሪኤላን የሚጠቅሰው እነዚያን ሁለት ምክንያቶች ከተናገረ በኋላ ነው።

ፍርዴ

ያም ሆኖ እኔ እስከ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እሰጣቸዋለሁ። የሚለያዩት ተጣልተው ሳይሆን አንዳቸው በጊዜው ባልተናገሩት ነገር ይመስለኛል። ይጋባሉ የምትሉ፣ ከሦስቱ ፊልሞች አንዳቸው ከባዱን ነገር ሳይጠየቁ፣ አስቀድመው ለሌላው የተናገሩበትን አንድ ትዕይንት ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አብረን እናየዋለን።