በጅምላ መፈረጅ፦ ከአንድ የምርጫ ዘመቻ የተወሰደ ትምህርት

«ጅምላ» የሚለውን ቃል ሁላችንም ከገበያ እናውቀዋለን። ነጋዴ ዕቃ በጅምላ ሲገዛ እያንዳንዱን ፍሬ አያገላብጥም፤ ጆንያውን አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ጅምላ ከችርቻሮ የሚረክሰውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉን ወደ ሰው ስናዞረው «በጅምላ መፈረጅ» እንላለን፤ አንድን ሰው በግሉ ሳናውቀው፣ ይመደብበታል ከምንለው ወገን ተነሥተን ጠባዩንና ኑሮውን መወሰን ማለት ነው። እዚህም የሚስበው ርካሽነቱ ነው። ሰውን አንድ በአንድ ማወቅ ጊዜ ይፈጃል።

ለትምህርታችን የመረጥነው ምሳሌ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ከሰፈራችን ብንመርጥ ግማሻችን ከሳሽ፣ ግማሻችን ተከሳሽ ሆነን ትምህርቱ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ጆን ማኬይንና ባራክ ኦባማ ነበሩ። ማኬይን በቬትናም ጦርነት የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩ፤ በ1967 አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ፤ ከአምስት ዓመት በላይ በእስር ከቆዩ በኋላ በ1973 ተፈቱ። በምርጫው ዓመት በኦገስት ወር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ እጩዎች ተራ በተራ ሲጠየቁ፣ ማኬይን ከእስር ዘመናቸው አንድ ነገር አነሡ። በገና ዕለት አንድ ጠባቂ ወደ እሳቸው ቀርቦ አፈሩ ላይ መስቀል ሣለ፤ ጥቂት አብሯቸው ቆመና አጥፍቶት ሄደ። ታሪኩ ብዙዎችን ነካ። አንዳንዶች ግን ስለ ሩሲያዊው ደራሲ ስለ ሶልዠኒትሲን ከሚነገር ታሪክ ጋር በጣም ይመሳሰላል ብለው ጥርጣሬ አሰሙ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ መልስ ይሻል። የዘመቻው ሰዎችም መልስ በእጃቸው ነበር። ማኬይን ይህንኑ ታሪክ በ1999 ባሳተሙት «የአባቶቼ እምነት» በተሰኘው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ከምርጫው ዘጠኝ ዓመት በፊት የታተመውን መጽሐፍ ከፍቶ ማሳየት ይቻል ነበር።

የዘመቻው ቃል አቀባይ ማይክል ጎልድፋርብ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በዘመቻው ስም ባወጣው ጽሑፍ፣ በእናታቸው ምድር ቤት ተመችቷቸው ተቀምጠው የአንድን የአገር ልጅ የጦርነት ትዝታ ማጣጣል ኦባማን የሚደግፉ የ«ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ተጫዋቾች ዓመል ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው አሜሪካዊ ግን ስለ ሌሎች የተሠቃዩትን ያከብራል የሚል ሐሳብ ጻፈ። በዚያው ዘመቻ ይኸው ሰው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣን አዘጋጆችም በዚሁ ጨዋታና በዚሁ የእናት ምድር ቤት ተርቧቸዋል።

ጨዋታውን ለማታውቁ እናስረዳ። «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ይሆናሉ፦ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ። ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ የሚለየው ዳይስ ነው፤ ሃያ ገጽ ያለውም አለ። ገበጣ ሲጫወት ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን አሸነፈ?» ብሎ ነው። እዚህ ግን አሸናፊ የለም፤ ተረቱ እስከቀጠለ ድረስ ሁሉም አብረው ይጓዛሉ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ አንዳንድ ወላጆች ጨዋታውን ከሰይጣን አምልኮ ጋር አገናኝተው ሲፈሩት ነበር። ስለዚህ ተጫዋቾቹ መፈረጅን በ2008 አልጀመሩትም፤ ከርሟል።

አሁን ስድቡን እንፍታው። «የእናት ምድር ቤት» የሚለው ለእኛ ጆሮ ብዙም አይወጋም። በእኛ ቤት ያላገባ ልጅ ከእናቱ ጋር ቢኖር ማን ያፍርበታል? እንዲያውም ትቶ ቢወጣ ነው የሚወራበት። በአሜሪካ ግን አነጋገሩ ሥራ የሌለው፣ ራሱን ያልቻለ፣ ከሰው የተገለለ ጎልማሳን በዓይነ ሕሊና ያመጣል። ፍረጃ አገር አለው ማለት ነው፤ አንዱ አገር ላይ የሚያሳፍረው ሌላው ላይ ወግ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ስድቡ የሠራው ሥራ ነው። አንባቢው ዓይኑን ከጥያቄው ላይ አንሥቶ ጠያቂው ላይ እንዲጥል ተደረገ። ታሪኩ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ቀረና፣ የሚጠይቁት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው የሚለው ተተካ። በክርክር ክፍለ ጊዜ ይህን ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ፤ «አንተ ደግሞ ስለዚህ ምን ታውቃለህ» ሲባል ነገሩ ተትቶ ሰውየው ተይዟል።

ሁለተኛም፣ ስድቡ ተጫዋቾቹን በአንድ ወገን፣ ወታደሩን በሌላ ወገን አቆማቸው። እውነታው እንዲህ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጁን 2007፣ ኢራቅ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ከጥንቷ የዑር ከተማ አጠገብ በሚገኝ የጦር ሰፈራቸው ውስጥ የዚህኑ ዓይነት ጨዋታ ጉባኤ አዘጋጅተው ነበር። በዑር ባለው ጥንታዊ የመቅደስ ግንብ ስም «ዚጉራት ኮን» አሉት። ዳይስና መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ጨዋታ የሚያሳትሙ ድርጅቶች ከአሜሪካ ላኩላቸው። ቃል አቀባዩ የጦር ሜዳ ትዝታን አያከብሩም ካላቸው ሰዎች መካከል ከነጠመንጃቸው ጦር ሜዳ የተቀመጡ ነበሩበት።

ቁጣው የመጣውም ከዚህ ነው። ሥራ ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ በሠራዊት ያገለገሉ ተጫዋቾች ቅሬታቸውን አሰሙ። ከመካከላቸው ለማኬይን ፓርቲ ድምፅ የሚሰጡ ነበሩ፤ የራሳቸው ወገን ሳያያቸው ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። ማኬይን በኖቬምበር ተሸነፉ። በዳይስ ምክንያት ነው የሚል ግን የለም፤ እኛም አንልም።

ጎልድፋርብ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀ ይመስላል። በእኛ ቋንቋ ስናቀርበው፣ የተናገርኩት ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ታታሪ አሜሪካውያንን ጎድቶ ወይም አስቀይሞ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ የሚል ነው። ቀጥሎም ቀልድ ጨመረበት፤ ዘመቻችን የእያንዳንዱን አሜሪካዊ የጉልበት፣ የጽናት፣ የቅልጥፍና፣ የእውቀት፣ የጥበብና የግርማ ሞገስ ነጥብ ለማሳደግ ቆርጦ ተነሥቷል አለ። እነዚህ ስድስቱ በጨዋታው ውስጥ የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አቅም የሚለካባቸው ናቸው። አንዱንም አላጓደለም። ወይ ተጫውቶት ያውቃል፣ ወይ የሚጫወት ሰው ጠይቋል። እኛ ቀልዱን ወደድነው፤ ቢያንስ ስለ ተጫዋቾቹ አንድ እውነተኛ ነገር ማወቁ ታየበት።

«ከሆነ» የምትለዋን ግን አናልፋትም። «አስቀይሜያለሁ፤ ይቅርታ» ሲባል ተናጋሪው ጥፋቱን ይዞታል። «አስቀይሜ ከሆነ ይቅርታ» ሲባል ጥፋቱ መኖሩ ገና አልተወሰነም፤ መወሰኑም ለተቀየመው ሰው ተትቷል። ካልተቀየምክ ይቅርታውም የለም ማለት ነው። «ከሆነ» ሳያውቁ ያስቀየሙ እንደሆነ ጨዋነት ነው፤ እንግዳ ሲሸኝ «ያጎደልነው ካለ ይቅርታ» ማለታችን ያምርብናል። ስድቡ ተጽፎ፣ የተሰደቡት ሰዎች ተናግረው ካበቁ በኋላ ግን ምኑ ነው የሚጠረጠረው?

እኛ ከአገራችን ውጭ የምንኖር ሰዎች ጅምላው ውስጥ መግባትን አሳምረን እናውቃለን። በታክሲ፣ በቢሮ፣ በገበያ «እናንተ ሐበሾች» ተብሎ የሚጀመር ዓረፍተ ነገር በምን እንደሚያልቅ መገመት አያቅተንም። በግቢያችን ውስጥም የራሳችን ጆንያዎች አሉ፦ «እዚህ የተወለዱት»፣ «በቅርብ የመጡት»፣ «ስልክ ላይ ጌም የሚጫወቱት»። ወላጆችም ቢሆኑ የመጨረሻውን በደንብ ያውቁታል።

ለመልመጃ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በዚህ ሳምንት «እነሱ» ብሎ የሚጀምር አንድ የሰማውን ዓረፍተ ነገር በደብተሩ ይጻፍ። ከሥሩም «እነሱ» የተባሉትን ትቶ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሸሸው ጥያቄ ምን እንደነበር በአንድ መሥመር ይጻፍ። ጥያቄውን ለማግኘት የተቸገረ ቤቱ ሄዶ ከወላጆቹ ጋር ይሞክረው። ደብተሩ ሰኞ ይሰበሰባል።