ተሽከርካሪ ወንበርን በጥንቃቄ ስለ መጠቀምና ስለ መጠበቅ

መራመድ ለተሳነው ሰው ተሽከርካሪ ወንበር እግሩ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ በእግርና በወንበር መካከል አንድ ልዩነት አለ። እግር ሲጐዳ ሕመሙ ወዲያው ለባለቤቱ ያስታውቃል፤ ወንበር ግን ብሎኑ ቢላላ፥ ጎማው ቢተነፍስ ዝም ይላል። ጉዳቱም የሚታወቀው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ወንበሩን ዘወትር መመርመር የባለቤቱና የቤተ ሰቡ፥ በትምህርት ቤትም የመምህሩ ተግባር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ፍሬን እንናገር፤ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት እርሱ ነውና። የአብዛኞቹ ወንበሮች የእጅ ፍሬን አንድ አጭር ብረት ነው፤ ጎማውን ተጭኖ እንዳይዞር ይይዘዋል። እንግዲህ ጎማው አየር ሲጐድለው ከብረቱ ይሸሻል፤ ፍሬኑ ተይዟል ሲባል ወንበሩ ይንሸራተታል። ይህም አደጋ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሰውየው ከወንበሩ ወደ አልጋ ሲሸጋገር፥ ክብደቱን ሁሉ በክንዱ ላይ በጣለበት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ራሱን ለማዳን አይችልም። ስለዚህ ፍሬኑ አልይዝ ሲል ብረቱን በመዶሻ ከማጣመም በፊት ጎማውን መመልከት ይገባል። በአውራ ጣት በብርቱ ሲጫኑት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መግባት የለበትም። ትክክለኛው የአየር መጠን በጎማው ጐን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ይነፉ፤ አለዚያ ወንበሩ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ቢቀደድም ከብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ መውሰድ ነው፤ ሥራው ለእርሱ እንግዳ አይደለም።

ፍሬኑ የቆመውን ወንበር ለመያዝ እንጂ የሚሄደውን ለማብረድ አልተሠራም። በቁልቁለት ጊዜ ባለቤቱ በጎማው ዙሪያ ያለውን የመግፊያ ክብ ብረት በእጁ እየጨበጠ ያዘገየዋል። የሚገፋ ረዳት ሲኖርና ቁልቁለቱ ሲበረታ ግን ወንበሩ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ በኋላው ይውረድ፤ ረዳቱም ከበታች ሆኖ ወደ ኋላው እየተመለከተ ቀስ ብሎ ይሂድ። ሳይጠይቁ መግፋት ነውር ከመሆኑም በላይ የባለቤቱን ጣት በጎማው ሽቦ መካከል ያስይዛል፤ ይህን ለተማሪዎች ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ሲነሡም ሆነ ሲቀመጡ የእግር ማሳረፊያውን መርገጥ አይገባም፤ ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋልና። ከባድ ቦርሳ በኋላው እጀታ ላይ ማንጠልጠልም ዳገት ሲወጡ ወደ ኋላ ይገለብጣል። ወንበሩን ከነሰውየው ማንሣት ግድ ሲሆን ዋናውን የብረት አካል መያዝ ነው፤ የክንድና የእግር ማሳረፊያዎች ተነቃይ ስለ ሆኑ በአንሺው እጅ ሊቀሩ ይችላሉ። ከማንሣት ይልቅ ግን መወጣጫ መሥራት ይሻላል። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ስለሚያስፈልግ፥ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት አንዲት የክፍል ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ ሕንፃዎች ይህን የመሰለ መግቢያ አዝዞአል፤ ጥቂት ሲሚንቶ የሚፈታው ችግር ልጅን ከትምህርት ሲያስቀር ማየት ያሳዝናል።

የመቀመጫው ትራስ ለምቾት ብቻ የተደረገ የሚመስላቸው አሉ። የታችኛው አካሉ የማይሰማው ሰው ሳያንቀሳቅሰው ብዙ ሲቀመጥ፥ በአጥንቱና በመቀመጫው መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊዘልቅ፥ ሕይወትንም ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ቢበዛ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ጐን አጐንብሶ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ክብደቱን ማንሣት፥ ማታም ቆዳውን በመስተዋት ወይም በቤተ ሰብ ዓይን ማስመርመር ይገባዋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ስለሚችል የጠቆረ፥ የሞቀ ወይም የጠነከረ ስፍራ ሲገኝ እንደ ቁስል መጀመሪያ ይቈጠር። እስኪድን ድረስ በዚያ ስፍራ ላይ አይቀመጡ፤ አያሹትም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ወንበሩን ፀሐይ ላይ አቁሞ የጋለ ብረት ላይ መቀመጥም ሳይሰማ ያቃጥላል።

የትራሱ ልብስ በየሳምንቱ ይታጠብ። ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ ሳይጠመዘዝ ይጨመቅና በጥላ ይድረቅ። ተጨፍልቆ ወደ ቅርጹ የማይመለስ ከሆነ ዐርጅቶአልና ይለወጥ።

የመግፊያው ብረት ከጎማው ጋር የተጠጋጋ ነው፤ ጎማው ደግሞ የመንገዱን ጭቃና እበት ሁሉ ይዞ ይገባል። በእጁ እንጀራ የሚቈርስ ሰው ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ብረቱንም በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ወንበሩን በቧንቧ ግፊት ማጠብ ግን ኩሽኔታውን ያበላሻል።

በፊት ትንንሾቹ ጎማዎች መካከል ፀጉርና ክር ይጠመጠማል፤ በየሳምንቱ በመቀስ ጫፍ ማውጣት ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ ብሎኖቹን ማጥበቅ፥ የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣት እየነኩ የላላውን መለየት፥ በሚታጠፍ ወንበር ሥር የተመሳቀሉት ብረቶች የሚገናኙበትን ብሎን መመልከት ያስፈልጋል። በዚያ ብሎንና በፍሬኑ መጋጠሚያ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይንጠብ፤ ጎማውን ግን እንዳይነካ፥ ፍሬኑ ያንሸራትታልና። የብስክሌት መንፊያ፥ አንድ የብሎን ቁልፍና ጨርቅ በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ቢቀመጡ ለዚህ ሁሉ ይበቃሉ።