በ11 ዩሮ ሳንቲም ዳቦ ይገዛል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሳንቲም ነው።

ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት ስትወጡ እዚሁ ዞሰንሃይም ዳቦ ቤት ገብታችሁ ብሬትዝል ትገዙ የለም? የምትከፍሉባቸው ሳንቲሞች 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20 እና 50 ሴንት፣ ከዚያም 1 እና 2 ዩሮ ናቸው። በቃ፣ ስምንት ዓይነት ብቻ!

ታዲያ አያታችሁ ለልደታችሁ «11 ዩሮ» የሚል ሳንቲም ቢሰጧችሁስ? «ይሄማ የውሸት ነው!» እንዳትሉ። እውነተኛ ነው። በ2024 የአውሮፓ እግር ኳስ ዋንጫ ጀርመን ውስጥ ሲካሄድ መንግሥት ያወጣው የብር ሳንቲም ነው። (5ቱ ጨዋታዎች የተደረጉት በእኛው ከተማ በፍራንክፈርት ነበር።) ለምን 11 ሆነ? አንድ ቡድን ስንት ተጫዋች ያሰልፋል? አዎ፣ 11!

እንዲህ ያለው የሰብሳቢዎች ሳንቲም ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከስምንቱ የተለየ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ሰው ከመገበያያው ሳንቲም ጋር እንዳያምታታው ነው።

ልብ በሉ! የሰብሳቢዎች ሳንቲም ገንዘብነቱ ባወጣው አገር ውስጥ ብቻ ነው። 11 ዩሮዋን ይዛችሁ ፈረንሳይ ብትሄዱ ባለሱቁ አይቀበላችሁም። በ2015 የወጣው፣ የፍራንክፈርቱ ፓውልስኪርኸ ያለበት የ2 ዩሮ ሳንቲም ግን ዩሮ ባለበት አገር ሁሉ ይሠራል። ምክንያቱም 2 ከስምንቱ አንዱ ነው።

ይህ ልዩነት አንድ ጊዜ ሁለት አገሮችን አከራክሯል። በ2015 ቤልጅየም ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉ ጦርነት 200ኛ ዓመት በ2 ዩሮ ሳንቲም ልታስታውስ አሰበች። ፈረንሳይ «የእኛ ሽንፈት በሕዝባችን ኪስ ውስጥ እንዴት ይዞራል?» በሚል ስሜት ተቃወመች። ቤልጅየም ምን አደረገች? የ2 ዩሮ ከ50 ሳንቲም አወጣች! ቁጥሩ ከስምንቱ ውጪ ስለሆነ፣ የሚሠራውም ቤልጅየም ውስጥ ብቻ ስለሆነ ማንም ሊከለክላት አልቻለም።

በአገራችንስ? በ1974 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1982) ስፔን ውስጥ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ኢትዮጵያ የ2 ብር ሳንቲም አውጥታ ነበር። ያኔ 2 ብር የሚል የመገበያያ ሳንቲም አልነበረንም።

እና በ11 ዩሮዋ ዳቦ ይገዛል? ጀርመን ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብ ናት፤ የሳንቲም ማሽን ግን አያውቃትም። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክም በተጻፈባት ዋጋ ይለውጣታል። ነገር ግን አትቸኩሉ። ብር ስላለባት፣ ሰብሳቢም ስለሚፈልጋት ከ11 ዩሮ በላይ ልታወጣ ትችላለች። ደግሞም የአያት ስጦታ ናት! መጀመሪያ እናትና አባታችሁን ጠይቁ፣ እሺ?

አዲስ ቃላት
መገበያያ፦ ዕቃ የምንገዛበት
ሰብሳቢ፦ አንድን ነገር እየፈለገ የሚያከማች ሰው
ብር፦ ሁለት ትርጉም አለው፤ የኢትዮጵያ ገንዘብ፣ እንዲሁም ነጭ የሚያብረቀርቅ ማዕድን

የቤት ሥራ
1. ከቤተሰባችሁ የ2 ዩሮ ሳንቲሞች መካከል ፓውልስኪርኸ ያለበትን ፈልጉ።
2. በጀርመን ሳንቲም ላይ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ ወይም ጄ የሚል ትንሽ የላቲን ፊደል አለ። የተሠራበትን ከተማ ይነግራል፦ በርሊን፣ ሙኒክ፣ ሽቱትጋርት፣ ካርልስሩኸ፣ ሃምቡርግ። የእናንተ ሳንቲም ከየት መጣ?
3. እናንተ ሳንቲም ብታወጡ ስንት ቁጥር ትጽፉበታላችሁ? ለምን? በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

በሉ ልጆች፣ ቸር ይግጠመን!