የማኅበሩን መዝሙር ስለ መምራት

አንባቢ ሆይ፤ ሽማግሌዎች በጉባኤ መካከል ቆመህ መዝሙር እንድትጀምር ቢያዙህ፥ የተሰጠህ ሥራ ምን እንደ ሆነ አስቀድመህ አስተውል። ብዙዎች ይህ ሥራ ድምፁ ላማረ ሰው ብቻ የሚገባ ይመስላቸዋል። ያማረ ድምፅ መልካም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩ እግዚአብሔርን ሊያመሰግን መጣ እንጂ አንተን ሊሰማ አልመጣም። አንተ ስትዘምር ሕዝቡ ዝም ብሎ የሚያደንቅህ ከሆነ፥ ሥራህ ገና አልተጀመረም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልህ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ386 ዓመት፥ በሚላኖ ከተማ፥ የወጣቱ ንጉሥ እናት ዩስጢና የአርዮስን ወገኖች ደግፋ ኤጲስ ቆጶሱን አምብሮስዮስን ታስጨንቀው ነበር። ምእመናኑም ከእርሱ ጋራ ለመሞት ተዘጋጅተው በቤተ ክርስቲያን ይተጉ ነበር። አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ሕዝቡ በኀዘን እንዳይዝል በምሥራቅ አገር ልማድ መዘመር በዚያ ከተማ ያን ጊዜ ተጀመረ፤ እናቱ ሞኒካም ከሚተጉት አንዲቱ ነበረች። እንግዲህ ተመልከት፤ ፍርሃት የያዘውን ሰው የሌላ ሰው ዜማ ጥቂት ያጽናናዋል፤ በገዛ አፉ የዘመረው ግን ይበልጥ ያጸናዋል። በማኅበርህም ልጅዋን የቀበረች እናት፥ ዕዳ ያስጨነቀው ነጋዴ ተቀምጠው ይሆናል። አንተ መዝሙሩን ለራስህ ብታደርገው ከእነርሱ አፍ ትነጥቃለህ።

ያው አውግስጢኖስ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን የነካው ጊዜ እንደ በደለ ቈጥሮ ይናዘዛል። እኔ ግን ዜማን ስለዚህ መናቅ ይገባል አልልም፤ የተበላሸ ዜማም ልብን ከቃሉ ያርቃልና።

በአገራችን የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማሩ ደብተራዎች ግዕዝን፥ ዕዝልን፥ አራራይን ለማወቅ ብዙ ዓመት ይደክማሉ። በዳዊት ዘመንም ክናንያ ዜማን እንዲያስተምር የተሾመው ዐዋቂ ስለ ነበረ ነው፤ ለእግዚአብሔር መዝሙር የተማሩትም 288 ነበሩ (1ኛ ዜና 15፥22፤ 25፥7)። አንተስ ቅዳሜ ማታ መጽሐፉን ሳትገልጥ እሑድ ጧት ትቆማለህን?

እጅግ የተለመደው ስሕተት አጀማመር ነው። መሪው ለራሱ ጕሮሮ እንደሚመቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጀምራል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ይጨነቃሉ፥ ወንዶቹ ዝም ይላሉ። ስለዚህ በቤትህ ሳለህ የመዝሙሩን እጅግ ከፍ ያለ ቦታ ፈልግ፤ እርሱን ያለ ጭንቀት ልትደርስበት የምትችልበትን መነሻ ያዝ፤ ከዚያም ጥቂት ዝቅ አድርገው፤ የጧት ጕሮሮ ገና አልተፈታምና። ተሳስተህ ከጀመርህ አቁምና እንደ ገና ጀምር። የአንድ አፍታ እፍረት አምስት አንቀጽ ሙሉ ከመጮኽ ይሻላል። ፍጥነቱንም ስትመርጥ በኋላ የተቀመጡትን አሮጊት እናት ተመልከት፤ እርሳቸው ትንፋሽ አጥሮአቸው ቃሉን ከዘለሉ ቸኵለሃል፤ ልጆች መስኮት መስኮቱን ማየት ከጀመሩም ዘግይተሃል። ከበሮ ወይም ሃርሞንዮም ቢኖር መዝሙሩን ይከተል እንጂ አይጎትተው።

ከባዕድ ቋንቋ ተተርጕሞ በባዕድ ዜማ ለሚዘመረው መዝሙር ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር እግዚአብሔር ጸሎትን እንደሚሰማ ይናገራል፤ ጠብቆ ሲነገር ግን ድምፅ መሰማቱን ብቻ ይናገራል። ዜማው በተሳሳተ ቦታ ቢጫነው ትርጕሙ ይለወጣል፥ ሕዝቡም ሳያውቅ ሌላ ነገር ይዘምራል። ቅዱስ ጳውሎስ በአእምሮም መዘመር እንዲገባ ያስተማረውን አስብ (1ኛ ቆሮ. 14፥15)። ስለዚህ አስቀድመህ ቃሉን ያለ ዜማ ጮኸህ አንብብ፤ የት መተንፈስ እንደሚገባህም ምልክት አድርግ፤ አንዱን ቃል ለሁለት ከፍለህ አትተንፍስ።

ማንበብ የማይችሉትንም አትርሳ። በ1645 ዓመት በእንግሊዝ አገር የጸደቀው የአምልኮ ሥርዓት መጽሐፍ፥ ብዙዎች ማንበብ በማይችሉበት ስፍራ መዝሙሩ ከመዘመሩ በፊት መስመር በመስመር እንዲነበብላቸው መክሮ ነበር። ይህ ልማድ ዜማውን ይቈራርጠዋል፤ ቢሆንም በመጽሐፍ እጦት ወንድምን ዝም ከማሰኘት ይሻላል።

ተማሪ ከሆንህ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከትምህርት ቤት አዲስ ዜማ ይዘህ ስትመጣ፥ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን በአንድ ቀን አትንጠቃቸው። በአንድ እሑድ ከአንድ አዲስ መዝሙር አይለፍ፤ እርሱንም ልጆች አስቀድመው ይማሩትና ለሕዝቡ ይዘምሩለት፤ በሚመጣው ሳምንት ሁሉ ይከተላል። እነ አባባ እገሌ ዜማውን ቢያጣምሙት በጉባኤ ፊት አታርማቸው፥ አትሣቅም።

ከወንድምህም ጋራ ተጣልተህ ከሆነ ከእሑድ በፊት ሂድና ታረቅ። በከተማ የተሰወረ ጠብ የለም፤ ስለ ፍቅር ስትዘምር ሰዎች ፊትህን እያዩ ጠብህን ያስባሉ። እግዚአብሔር በነቢዩ በአሞጽ አፍ የመዝሙርን ጩኸት ከእርሱ እንዲያርቁ ያዘዘው፥ የሚዘምሩት ፍርድን ስለ ረገጡ ነበር (5፥23-24)።

ሕዝቡ መዝሙሩን በሚገባ ከያዘው ድምፅህን ዝቅ አድርግ። በመጨረሻው አንቀጽ ፈጽመህ ዝም ብትል እንኳ ሳይሰናከሉ የሚቀጥሉ ከሆነ፥ መጽሐፍህን ዘግተህ ወደ ቦታህ ተመለስ፤ ሰባኪው ይጠብቃል።