ሐኪም ከበሽተኛው ሲለይ ስላለበት ግዴታ

ሐኪም በሽተኛን ሲቀበል ስላለበት ግዴታ ብዙ ጊዜ ሲነገር ይሰማል። በሽተኛውን ሲያሰናብት ስላለበት ግዴታ ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ የተጀመረ ሕክምና መቋረጡ ካለመጀመሩ ይልቅ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሐኪም ከበሽተኛው ጋር ያለውን ግንኙነት ለማቋረጥ መቼ እንደሚፈቀድለት፣ መቼ እንደማይፈቀድለት፣ ሲያቋርጥም ምን ምን መፈጸም እንደሚገባው ባጭሩ እናስረዳለን። ለምሳሌ የምንወስደውም የጂቡቲን ከተማ ነው።

ጂቡቲን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከዚያች ወደብ ተነሥቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ የኛ ሰው ወደዚያ መመላለሱን አላቋረጠም። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር በ2018 መደበኛ ሥራውን ከጀመረ ወዲህም መንገዱ ይበልጥ አጥሯል። የወደብ ሠራተኛው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ፣ ባሕር ለመሻገር የሚጠባበቀው ስደተኛ፣ ሁሉም እዚያው ይገናኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል፣ ወይም በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ወደ ታወቀው ወደ ፖል ፎር ማእከል ይሄዳል። ሥራው ወይም ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ሕክምናው ሳይፈጸም ከሐኪሙ ይለያል። ሐኪሙም ቢሆን ዘወትር በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከውጭ አገር በውል የመጣው የውሉ ዘመን ሲፈጸም ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዲህ በእንደዚህ ያለ የመንገደኛ ከተማ መለያየት የዕለት ተዕለት ነገር ስለ ሆነ፣ የመለያየት ሥርዓት ሊታወቅ ይገባል።

የግንኙነቱ መሠረት ምን እንደ ሆነ አስቀድመን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕክምናን ውል ከውሎች አንዱ አድርጎ ደንግጎታል። በዚህ ውል ሐኪሙ ሕክምና ለመስጠትና በሽተኛውን በጤና ለማኖር ወይም ለማዳን የተቻለውን ሁሉ ለማድረግ ይገባል። አድናለሁ ብሎ አይገባም፤ እተጋለሁ ብሎ ይገባል። ውል ስለ ሆነም ሊያበቃ ይችላል። ነገር ግን ከቤት ኪራይ ውል የሚለይበት ነገር አለ። ተከራይ ቤት ቢለቅ ቤቱ ባዶ ሆኖ ይቆያል እንጂ አይባባስም። በሽታ ግን ጠባቂ ባጣበት ሰዓት ሥራውን ይቀጥላል።

የጂቡቲ ሐኪሞች ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ ቋንቋ የተማሩ ናቸውና የፈረንሳይ ሐኪሞች የሥነ ምግባር ደንብ አንቀጽ 47 የሚለውን መጥቀስ ይጠቅማል። ደንቡ የፈረንሳይ ቢሆንም አሳቡ ለማንኛውም አገር የሚሠራ ነው። በማናቸውም ሁኔታ የበሽተኛው ሕክምና እንዳይቋረጥ ያዛል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነና ሐኪሙ የሰብአዊነት ግዴታውን የሚያጎድል ካልሆነ በቀር፣ በሙያው ወይም በግል ምክንያት ሕክምና ላለመስጠት መብት ይሰጠዋል። በዚህ መብት ሲጠቀም ግን በሽተኛውን እንዲያስታውቅና በሽተኛው ለመረጠው ሐኪም አስፈላጊውን መረጃ እንዲያስተላልፍ ያስገድደዋል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም በ1981 እ.ኤ.አ. በሊዝቦን ባወጣውና በኋላ ባደሰው መግለጫ፣ ሕክምናው አስፈላጊ እስከ ሆነ ድረስ ሐኪሙ ለበሽተኛው ተገቢውን ርዳታና ሌላ ሐኪም ለማግኘት የሚበቃ ጊዜ ሳይሰጥ ሊያቋርጥ እንደማይችል ያስረዳል።

ሐኪሙ ሊለይ የሚችልባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ሕመሙ ከእውቀቱ በላይ ሲሆን፣ በሽተኛው ሲዝትበት ወይም እጁን ሲያነሣበት፣ በመካከላቸው መተማመን ፈጽሞ ሲጠፋ፣ ሐኪሙ ራሱ ሲታመም፣ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ነው። በሽተኛው ባዕድ በመሆኑ፣ በሃይማኖቱ፣ በቋንቋው፣ ኤች አይ ቪ በደሙ በመገኘቱ ወይም ስለ በደሉ አቤት በማለቱ ግን ሊያሰናብተው አይገባም። ምጥ የያዛትን ሴት፣ ደሙ የሚፈሰውን ቁስለኛ፣ ራሱን የሳተውን ሰው ደግሞ ማንም ቢሆን ቅድሚያ ገንዘብ አምጣ ብሎ ሊመልስ አይገባውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ ብርቱ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው ያለ በቂ ምክንያት፣ በግዴለሽነት፣ በስስት፣ በጥላቻ ወይም በንቀት ሙያዊ ርዳታውን የሚከለክለውን የሕክምና ባለሙያ ይቀጣል።

እንግዲህ በተፈቀደ ምክንያት የሚለይ ሐኪም የሚከተሉትን አራት ግዴታዎች መፈጸም ይገባዋል።

1ኛ. ማስታወቅ። መለያየቱን በሽተኛው ከዘበኛ ወይም ከካርድ ክፍል ሳይሆን ከሐኪሙ አፍ፣ በሚገባው ቋንቋ መስማት አለበት። ለምሳሌ ለአንዲት እናት፣ «እናቴ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ እኔ እዚህ አልገኝም። ሕክምናዎ ግን አይቋረጥም። የሚረከብዎትን ሐኪም ዛሬ አስተዋውቅዎታለሁ» ቢላት፣ የነገሩ ፍሬ በዚህ ይፈጸማል።

2ኛ. ጊዜ መስጠት። በአሜሪካ በብዙ ቦታ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት የተለመደ ነው። ነገር ግን ባለ ልዩ ሙያ ሐኪም ጥቂት በሆነበት ከተማ የቀን ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ተገቢው ልክ በሽተኛው ሌላ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ነው።

3ኛ. ማስተላለፍ። የማስተላለፊያው ወረቀት የሕመሙን ስም፣ ሕክምናው የተጀመረበትን ቀን፣ የምርመራውን ውጤት፣ መድኃኒቶቹንና መጠናቸውን፣ ለበሽተኛው የማይስማማውን መድኃኒት፣ የቀረውን የሕክምና ጊዜ መያዝ አለበት። የመድኃኒት የንግድ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ ሳይንሳዊ ስሙ ይጻፍ። ወረቀቱ በጂቡቲ በፈረንሳይኛ ቢጻፍ እንኳ፣ የድሬዳዋ ሐኪም ሪፋምፒሲን የሚለውን ስምና የሚሊግራሙን ቁጥር አይቶ ሊረዳው ይችላል።

4ኛ. ድልድይ መሆን። አዲሱ ሐኪም እስኪረከብ ድረስ የሚበቃ መድኃኒት መስጠት፣ በመካከሉ ድንገተኛ ነገር ቢነሣም መርዳት ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ያለ እርሱ መኖር ለማይችል የስኳር በሽተኛ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ ሕይወት ያጠፋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ቢቆም ብርቱ መንቀጥቀጥን ያመጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እናጠቃልለው። አንዲት የድሬዳዋ ልጅ በጂቡቲ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ በሳንባ ነቀርሳ ታመመች እንበል። የዚህ በሽታ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል የሚባሉ አራት መድኃኒቶች፣ በቀሩት 4 ወሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ይሰጣሉ። ሁለት ወር ሲሆናት ሳሏ ቆመ፣ ሰውነቷም ተመለሰ። በዚሁ ጊዜ አሠሪዋ አሰናበቷት። ወደ ሐኪሙ ቀርባ፣ «ጌታዬ፣ ድኛለሁ፤ ነገ ወደ አገሬ እገባለሁ» አለችው።

ሐኪሙ «በደኅና ግቢ» ብሎ ብቻ ቢሸኛት፣ ያደረገው ሕክምና ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ሳሉ ቆመ እንጂ ጀርሞቹ ተጠርገው አልጠፉም። የቀሩት ጀርሞች መድኃኒቱን ሊላመዱ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜም በሽታዋ ሲያገረሽ የቀድሞው መድኃኒት አይሠራም፣ ሕክምናውም ይከብዳል። ከዚህም በላይ በአንድ ክፍል አብረዋት የሚያድሩ እናትዋና ታናናሾችዋ ያንኑ የተላመደውን በሽታ ከርሷ ይወስዳሉ። ተገቢው አኳኋን እንዲህ ነው፤ «እኅቴ፣ ገና አራት ወር ይቀርሻል» ብሎ ያስረዳታል፤ ወረቀቱን ጽፎ ይሰጣታል፤ ለመንገዱና ለመመዝገቢያው ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይጨምርላታል፤ ድሬዳዋ እንደ ደረሰች ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ይነግራታል። በኢትዮጵያ በመንግሥት የጤና ድርጅቶች የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነጻ ስለሚሰጥ በገንዘብ እጦት የምትቀርበት ምክንያት የለም።

በዚህ ምሳሌ አንድ ሌላ ነገር ይነሣል። አሠሪዋ የሕክምናዋን ገንዘብ ቢከፍሉም እንኳ የሐኪሙ በሽተኛ እርስዋ ናት። የሕመሟን ምሥጢር የያዘው ወረቀት ለራሷ፣ ታሽጎ በእጅዋ ይሰጥ እንጂ ያለ ፈቃድዋ ለአሠሪዋ ወይም ለደላላ አይሰጥም። አሠሪዋ ክፍያውን ቢያቆሙም ይህ ግዴታ በዚያው ይቀጥላል።

በሽተኛውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በሌሊት ተነሥቶ ሳይናገር ከመሄድ ይልቅ መሄዱን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ወረቀቱን፣ የምርመራውን ውጤትና የመድኃኒቱን ባዶ መያዣ ሳይቀር እንደ መታወቂያው ይጠብቅ። ደወሌን ተሻግሮ አገሩ ሲገባም መድኃኒቱ ሳያልቅበት ወደ ሕክምና ይቅረብ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ወረቀቱን የደበቀም እንዲሁ ነው።

በወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ይሆነናል። ቁስለኛውን ካከመ በኋላ እርሱም መንገደኛ ነበረና በማግሥቱ ተለይቶት ሄደ። ሲሄድ ግን በመንገድ ዳር አልተወውም፤ ወደ ማደሪያው አድርሶ ለጠባቂው አስረከበው፣ ሁለት ዲናር ሰጠ፣ የጎደለውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ከሐኪምም የሚጠበቀው ይኸው ነው። መለየት ይችላል፤ በሽተኛውን ለሌላ ሳያስረክብ መለየት ግን አይችልም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ወይም ዘመድህ ሕክምና ላይ ሳላችሁ ከሐኪም የምትለዩ ብትሆኑ፣ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የሚረከበኝ ማን ነው? ወረቀቴ የት አለ? እስከዚያ የሚያደርሰኝ መድኃኒት ስንት ቀን ይበቃል? እነዚህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።