የስልክ ሞገድና የልጆች አንጎል

የእጅ ስልክ ጨረር በማደግ ላይ ያለውን የልጅ አንጎል ይጎዳ እንደሆነ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ይጠይቁናል። «ጨረር» የሚለው ቃል ኤክስሬይንም የስልክ ሞገድንም በአንድነት ስለሚጠራ፣ ቃሉን ትተን ከስሌቱ እንነሣ።

በ900 ሜጋኸርትዝ ከሚሠራ ስልክ የሚወጣ አንድ ፎቶን 0.0000037 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት አለው። ኤሌክትሮንን ከሞለኪውል ለመንጠቅ ግን 10 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ ሞገድ ዲኤንኤን እንደ ኤክስሬይ ሊበጥስ አይችልም፤ ያለ ጥርጥር የሚታወቀው ሥራው በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያሉትን የውሃ ሞለኪውሎችና አዮኖች እያወዛወዘ ማሞቅ ነው።

የልጆች ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የልጅ የራስ ቅል ስስ ነው፤ ሕብረ ሕዋሱም ውሃ ይበዛበታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገለጸው፣ በስልክ አጠቃቀም ጊዜ የልጅ አንጎል የሚቀበለው አማካይ ጉልበት ከአዋቂው 2 እጥፍ፣ የራስ ቅሉ መቅኔ የሚቀበለው ደግሞ እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል። ይህ የጉልበቱ እጥፍ እንጂ የጉዳቱ እጥፍ አይደለም፤ ብዙዎች የሚስቱት ይህንን ነው።

እስቲ እናስላ። በበርካታ አገሮች ለጭንቅላት የተፈቀደው ጣሪያ በኪሎግራም 2 ዋት ነው። 1 ኪሎግራም የአንጎል ሕብረ ሕዋስን በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ለማሞቅ 3600 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። እንግዲህ ደም ሙቀቱን ባይወስደው እንኳ በ6 ደቂቃ ውስጥ ጭማሪው 0.2 ዲግሪ ነው፤ ብናጥፈው 0.4። ደም ግን ይወስደዋል። አንጎል ራሱ፣ ስልክ በሌለበትም፣ በኪሎግራም ከ10 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል፤ ደምም ይህንኑ ሲያበርድ ይኖራል።

ይሁንና ጥያቄው በሙቀት ብቻ አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በ47 አዋቂዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ለ50 ደቂቃ በርቶ ጆሮ ላይ የቆየ ስልክ በአንቴናው አቅራቢያ ያለውን የአንጎል ክፍል የግሉኮስ ፍጆታ በ7 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ጥቅም ይሁን ጉዳት ግን ጥናቱ አልለየም። በ14 አገሮች ከ10 እስከ 24 ዓመት የሆናቸውን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የሞቢ ኪድስ ጥናት ደግሞ ስልክ የአንጎል ዕጢን እንደሚያበዛ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የማስታወስና የእንቅልፍ ነገር ከዕጢ ይልቅ ለመለካት ያስቸግራል። ስልክ ታቅፎ የሚያመሽ ልጅ እንቅልፉን ያጣው በሞገዱ ነው ወይስ በጨዋታው? እኛ ጨዋታውን እንጠረጥራለን።

እስከዚያው ግን ርቀት ወጪ የለውም። ስልኩን ከጆሮ አርቆ በድምፅ ማጉያ ወይም በጆሮ ማዳመጫ መነጋገር ጭንቅላት የሚቀበለውን ጉልበት በእጅጉ ይቀንሳል። ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ስልኩ የሚያስተላልፍበትን አቅም ከፍ ስለሚያደርግ፣ ልጅን ረጅም ጊዜ ማነጋገር የማይመረጠው በዚያ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚፈራው በሩቅ የቆመውን ምሰሶ ነው።