ከቺሊ ወደ አርጀንቲና በእግር፦ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በደቡብ ቺሊ ከፑዌርቶ ሞንት የሚነሳው ጎዳና ደኑንና ሐይቁን እየዞረ 1,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርድና ቪያ ኦሂጊንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ወደ አርጀንቲናዋ ኤል ቻልቴን የሚያሻግር የመኪና መንገድ የለም። መሻገር የፈለገ ሰው አንድ ትልቅ ሐይቅ በጀልባ ያቋርጣል፤ 22 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዛል፤ ሁለተኛውን ሐይቅ በጀልባ ይሻገራል ወይም ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ ከዚያም 37 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ ይቀረዋል። ካርታ ላይ ሲያዩት የሁለት ቀን ጉዳይ ይመስላል። እኔን ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። ከስድስቱ ሦስቱን የፈጀሁት በመጠበቅ ነው።

ጉዞውን ከልቤ እወደዋለሁ። ለወዳጆቼም እመክራለሁ። ነገር ግን ደጋግሜ የማየው ስህተት አንድ ነው፦ ሰዎች ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራሉ፣ ቀኑን አይቆጥሩም። ወረቀትዎም፣ ስንቅዎም፣ ገንዘብዎም የሚለካው በቀን ነው።

ቪዛዎ ስንት ጊዜ ያስገባል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ ለሁለቱም አገሮች አስቀድመው ቪዛ ማግኘት አለብዎት። ጫካ ውስጥ ያለ ኬላ ቪዛ አይሰጥም። ይህን ብዙው ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው የቺሊው ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው ወይስ የብዙ ጊዜ የሚለውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቺሊ ፖሊሶች የመውጫ ማኅተም የሚመቱት ካንዴላሪዮ ማንሲያ በተባለው የሐይቅ ዳር ኬላ ነው። የአርጀንቲና ጠረፍ ጠባቂዎች ያሉት ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ከላጎ ዴል ዴሲየርቶ ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። በሁለቱ ማኅተሞች መካከል በሚያሳልፉት ቀንና ሌሊት ከአንዱ አገር ወጥተዋል፣ ወደ ሌላው ገና አልገቡም። እዚያ መሀል እግርዎ ቢወለም ወይም የአርጀንቲናው መኮንን ወረቀትዎን ባይቀበለው፣ መመለሻዎ ቺሊ ነው። የአንድ ጊዜ ቪዛ ከሆነ ግን ተጠቅመው ጨርሰውታል። ስለዚህ ማመልከቻውን ሲሞሉ የብዙ ጊዜ መግቢያ ይጠይቁ፣ ምክንያቱንም በግልጽ ይጻፉ። ካልተሰጠዎት እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህን መንገድ ለሌላ ዓመት አቆየው ነበር።

የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። ግሪን ካርድ ይዘው በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ግን የመኖሪያ ፈቃዴ ያሳልፈኛል ብለው አይገምቱ፤ የሁለቱንም አገሮች ኤምባሲ ይጠይቁ። ደግሞ ቺሊ ሲገቡ የሚሰጥዎትን ቁራጭ ወረቀት ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡ፣ ሲወጡ ይፈለጋል።

ስንት ቀን መጠበቅ ይችላሉ?

መጀመሪያ የሚሻገሩት ሐይቅ በቺሊ በኩል ኦሂጊንስ፣ በአርጀንቲና በኩል ሳን ማርቲን ይባላል። ጥልቀቱ 836 ሜትር ነው፤ በአሜሪካ አህጉራት ውስጥ እሱን የሚያህል ጥልቅ ሐይቅ የለም። ከበላዩ ሰፊ የበረዶ ግግር ተዘርግቷል፣ ነፋሱም ከዚያ ይወርዳል። ጀልባዎቹ በበጋ ወራት በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ይሠራሉ። ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ይቀራሉ፣ ቲኬት መቁረጥዎ ምንም አይለውጥም።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጠዋት ስትነሳ ሬዲዮ አትከፍትም፣ ስልክ አታይም። ምድጃው ላይ ውኃ ጥዳ ወደ መስኮቱ ትሄድና ከአጥሩ ጀርባ የተተከሉትን ረጃጅም ዛፎች ጫፍ ታያለች። የመጀመሪያው ቀን ጫፎቹ ወደ ምሥራቅ ተኝተው ነበር። «ማኛና» አለችኝ፣ ነገ ማለቷ ነው። በማግስቱም ያንኑ ደገመችው። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳትል ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ለመንገድ መሆኑ ገባኝ።

በየትኛው በኩል ይጀምሩ የሚለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ ስለሚገባ፣ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ከአርጀንቲና ጀምሮ ወደ ሰሜን መሻገር የሚቀል ይመስላል። እኔ ግን ከቺሊ መጀመሩን እመርጣለሁ። ከቺሊ ሲነሱ ጀልባውን የሚጠብቁት ሱቅና አልጋ ባለበት ከተማ ነው። ከአርጀንቲና ሲመጡ ግን የሚጠብቁት በማዶው ዳርቻ ላይ ነው። እዚያ የፖሊስ ጣቢያ፣ አንድ የገበሬ ቤትና የድንኳን መስክ አለ እንጂ ሱቅ የለም። ስንቁን ጨርሶ ለመጣ ሰው የሁለት ቀን ነፋስ ከባድ ነገር ነው። ከየትም ቢነሱ ለነፋስ ቢያንስ ሦስት ቀን ይያዙ፣ የመመለሻ በረራዎንም ከዚያ በኋላ ያድርጉት።

ወራቱን በተመለከተ፣ መንገዱ የሚሠራው ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ ነው። የእነሱ በጋ ያኔ ነው። በታኅሣሥና በጥር ብርሃኑ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይቆያል፣ ስለዚህ ጨለማ ይደርስብኛል ብሎ መሮጥ አያስፈልግም።

ከቤት ያስቋጠሩልዎት ስንቅ

ለእኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እናት ልጇን ባዶ ቦርሳ አስይዛ አትሸኝም። ቺሊ ግን እርሻዋን ከበሽታና ከተባይ በጥብቅ ትጠብቃለች። ሲገቡ የእንስሳትና የዕፅዋት ውጤት መያዝ አለመያዝዎን የሚያሳውቁበት ቅጽ አለ፣ ቦርሳም ይፈተሻል። ቋንጣውን እቤት ይተዉት። ማሩንም፣ ትኩስ ፍራፍሬውንም፣ ያልተቆላ እህልንም እንዲሁ። ቆሎ፣ በሶ ወይም በርበሬ ከያዙ በቅጹ ላይ ያሳውቁ፤ የሚያልፈውንና የማያልፈውን ተቆጣጣሪው ይወስናል። አሳውቆ የሚወሰድበት ሰው የሚያጣው ዕቃውን ነው። ደብቆ የተገኘ ግን ይቀጣል።

የጉዞው ወራት ከነቢያት ጾም ጋር፣ መጨረሻ አካባቢም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ። የሚጾሙ ከሆነ አይቸገሩም። አጃ፣ ምስር፣ ለውዝና ፓስታ በቪያ ኦሂጊንስ ሱቆች ይገኛሉ። ለሁለት ቀን ጉዞ የአምስት ቀን ምግብ ይያዙ።

እሳት አያንድዱ። በዚያ ነፋስ ክብሪት መጫር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ በዚያው በፓታጎንያ፣ በቶሬስ ዴል ፓይኔ ፓርክ በ2011 መጨረሻ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተነሳውን ቃጠሎ ማስታወስ ይበቃል፤ ከ17,000 ሄክታር በላይ በልቷል። የጋዝ ምድጃ ይያዙ፣ ነፋስ በተከለለበት ያብስሉ። የጋዝ ቆርቆሮው አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ እዚያው አገር ይገዛል።

ከፍታው ሳይሆን እርጥበቱ

አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው እዚህ ትንፋሽ አያጥረውም። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል 700 ሜትር አይሞላም። ጉልበት የሚፈትነው ሌላ ነው።

ከካንዴላሪዮ ማንሲያ ተነስተው መጀመሪያ ዳገት ይወጣሉ። ከዚያ እስከ ድንበሩ ያለው 15 ወይም 16 ኪሎ ሜትር መኪና የሚያስኬድ ሰፊ የአፈር መንገድ ነው፤ ደኑ ያምራል፣ እግር አይስትም። ድንበሩን ሲያልፉ መንገዱ ይጠባል። የመጨረሻዎቹ 6 ኪሎ ሜትሮች ከፊተኛው 15 ጋር የሚተካከል ሰዓት ይወስዳሉ። ፈረሶች ለዓመታት ሲመላለሱበት መሬቱን ቦይ አድርገው ቆፍረውታል። አንዳንድ ቦታ ቦዩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ስፋቱም ከትከሻ አይበልጥም። ውስጡ ውኃ ያዘለ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር የዛፍ ሥር አለ። ቦርሳው ጎንና ጎኑን ይነካል። እኔ ውስጡን ትቼ አፋፉን ይዤ ስሄድ ነው የቀለለኝ። ጅረቶች ላይ የተጋደሙ ግንዶች ስለሚያንሸራትቱ፣ አንዳንዴ ጫማ አውልቆ በውኃው ውስጥ መሻገር ይሻላል።

ስለዚህ ቦርሳዎ ከ15 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። የመኝታ ከረጢትዎንና አንድ ቅያሪ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ያስሩ። እዚያ በበጋም ዝናብና በረዶ የቀላቀለ ነፋስ በአንድ ከሰዓት ይፈራረቃሉ፤ ደረቅ ካልሲ የሌለው ሰው ሌሊቱን አይተኛም። ዕቃ የሚከብድዎት ከሆነ ከሐይቁ ዳር ፈረስ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ አስቀድመው ይነጋገሩ። ገንዘብ በጥሬው ይያዙ፣ የሁለቱንም አገር ፔሶ።

ስልክ በመካከል አይሠራም። ብቻዎን ከሆኑ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይዘው ይሂዱ፣ ኢንሹራንስዎም ፍለጋንና ማዳንን መሸፈኑን ያረጋግጡ። ስንት ቀን ድምፅዎ ቢጠፋ መጨነቅ እንዳለባቸው ለቤተሰብ በቁጥር ይንገሯቸው። በአምስተኛው ቀን የምትጨነቅ እናትና በሁለተኛው ቀን የምትጨነቅ እናት ልዩነታቸው ይህች አንዲት ቁጥር ናት።

ድንበሩ ላይ

ሰሌዳና የድንበር ምልክት ብቻ ነው ያለው። አጥር የለም፣ ወታደርም የለም። ያኔ ቦርሳዎን አውርደው ትንሽ ይቀመጡ። በላጎ ዴል ዴሲየርቶ ይገባኛል ጥያቄ ምክንያት በኅዳር 1965 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የቺሊ ፖሊሶችና የአርጀንቲና ጠረፍ ጠባቂዎች እዚህ አካባቢ ተጋጭተው አንድ ቺሊያዊ መቶ አለቃ ተገድሏል። ቪያ ኦሂጊንስ የተቆረቆረችው በዓመቱ በ1966፣ ኤል ቻልቴን ደግሞ በ1985 ነው፤ ሁለቱም አገሮች ሰው በማስፈር መሬቱን የእኛ ነው ለማለት ፈልገው ነበር። ጉዳዩ በመጨረሻ ወደ ዳኞች ሄዶ በ1994 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለአርጀንቲና ተፈረደ። ቺሊ እንደገና ይታይልኝ ብላ ጠየቀች፣ አልተሳካላትም፣ ተቀበለች። ድንበር ሲባል ምሽግ ለሚታወሰን ለእኛ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ መቀመጥ ብዙ ነገር ያሳስባል። እኔ ከታሰበው በላይ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ቁልቁል ነው። ደኑ ሲከፈት ሐይቁ ይታያል፤ ሰማዩ ከጠራም 3,405 ሜትር ከፍታ ያለው የፊትዝ ሮይ ተራራ በሩቁ ይቆማል። ጠረፍ ጠባቂዎቹ በስፓኒሽ ብቻ ነው የሚያናግሩዎት፤ ከየት መጡ፣ የት ያድራሉ የሚሉትን ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ጽፈው ቢይዙ ይረዳዎታል። ድንኳን መትከያ ከጣቢያው አጠገብ አለ። ጀልባው ካልመጣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር የ12 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ፣ ዳገት ቁልቁለቱ ግን የአምስት ስድስት ሰዓት ሥራ ነው።

ፓስፖርትዎን ሲመልሱልዎ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አይክተቱት። ማኅተሙ መመታቱን፣ ቀኑ መነበቡን፣ የተፈቀደልዎት የቆይታ ጊዜም ስንት እንደሆነ እዚያው ቆመው ይዩ። ስህተት ካለ እርማቱን የሚያገኙት ከእነዚያው ሰዎች ነው፤ ከኤል ቻልቴን ወደ ቀጣዩ ትልቅ ከተማ ወደ ኤል ካላፋቴ እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።